አብሾ ያልጠጣች አይጥ

ሁለት ቢራ ቀምሶ ጠረጴዛ የሚገለብጥ ሰው ስናይ «ይሄ ሰውዬ አብሾ አለበት እንዴ?» እንላለን። ፒያሳም ይባላል፣ ቦሌም ይባላል። አብሾ ራሱ ምን እንደሆነ ጎናችሁ ያለውን ሰው ብትጠይቁት ግን «እኔ እንጃ» ነው የሚላችሁ። እኔም የማውቀው አያቴ ስላሳደገችኝ ብቻ ነው። እኛ ቤት አብሾ ቀልድ ሆኖ አያውቅም። የአያቴ ታናሽ ወንድም በተነሳ ቁጥር ተከትሎት የሚመጣ ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያቴ ወንድም የቆሎ ተማሪ ነበር። ከስማዳ ተነስቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ድጓ ሊማር ጋይንት ቤተ ልሔም ገባ። ለማታውቁት፣ ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚገኝበት ደብር ነው። አንድ ሰው ቅኔውን ዋሸራ ቢቀኝ፣ አቋቋሙን ጎንደር ቢዘልቅ፣ ድጓውን ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ «የድጓ መምህር ነኝ» ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ድጓ ደግሞ የዓመት ሙሉ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው፤ ከነምልክቱ። ሌሊት ይጠናል፣ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እየተባለ ይለመናል፣ ተመልሶ የኔታ ፊት ይቀረባል… እንዲህ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። እኛ ለፈተና ሦስት ሌሊት ካደርን ዓለም ይወቅልን እንላለን።

አንድ ክረምት ልጁ ታመመ። ዕድሜው ሃያ ቢሆነው ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ከጎጆው ውጪ ስሙን እየጠሩ የሚሰድቡት ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል አለ። ከዚያ «የኔታ ሊመርዙኝ ነው» ብሎ እህል ተወ። ቤተሰቡ ሊወስደው ሲሄድ መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው፦ አብሾ ጠጥቶ ነው። ያጠጣው ደግሞ ጎጆ የሚጋራው ጓደኛው፣ የዚያው የስማዳ ልጅ ነው ተባለ። ጓደኛው ምሎ ካደ፤ ማንም አላመነውም። የአያቴ ወንድም ከጸበል ጸበል ሲንከራተት፣ አንዳንዴም በእግር ብረት ሲታሰር ኖሮ አርባ ሳይሞላው ሞተ። ሁለቱ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ አንድ ሠርግ ላይ አይቀመጡም።

አብሾ «አእምሮ ይከፍታል» ተብሎ ተማሪ በድብቅ የሚጠጣው መድኃኒት ነው። አንዴ ከጠጡት ከሰውነት አይወጣም፣ የጠጣ ሰው አረቄ ከቀመሰ ይነሳበታል ይባላል፤ የቢራ ቤቱ አነጋገርም የመጣው ከዚህ ነው። አሠራሩ ምስጢር ነው፤ መድኃኒተኛው ሁሉ የየራሱ አለው። ይገባበታል ተብሎ ደጋግሞ የሚነሳው ግን አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስም ይባላል። እሾሃም ፍሬ፣ መለከት የመሰለ ነጭ አበባ ያለው፣ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅል ተክል ነው። ሳይንቲስቶች ዳቱራ ስትራሞኒየም ይሉታል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉት።

እናንተዬ፣ ይሄ ስኮፖላሚን የተባለው ነገር ነው ወደ አይጥ ያመጣኝ። ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ ያሉ ላቦራቶሪዎች አይጥን እንድትረሳ ማድረግ ሲፈልጉ የሚወጓት እሱን ነው! አሴቲልኮሊን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ በር ይዘጋባታል፤ ትናንት የተማረችውን መንገድ ዛሬ ታጣዋለች። በፈረንጆች 1974 ደግሞ ወጣትና ጤነኛ ለሆኑ ፈቃደኛ ሰዎች ተሰጥቶ የማስታወስ ችሎታቸው የአዛውንት መስሎ ተገኘ። ለመርሳት ሕመም ዛሬ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ከተነሱበት ሐሳብ አንዱ ይሄ ነው። እንግዲህ የኛ ተማሪ ድጓ እንዲገባው ጠጣ የሚባለው ተክል ውስጥ ያለው፣ ፈረንጅ አይጥን ለማስረሳት የሚሰጣት ነገር ነው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አያቴ ትዝ አለችኝና ሳቄን ዋጥኩ።

አስተናግር የወሰደ ሰው የሚሆነውን የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ያውቁታል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ገላው ይግላል። የት እንዳለ ይጠፋበታል፤ የሌለ ሰው እያየ ያወራል (ስሙም ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም)። ካልገደለው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይለቀዋል፤ ሲነቃ የሆነውን አያስታውስም። የአያቴ ወንድም ግን የት እንዳለ ያውቅ ነበር። የሌለ ሰው አላየም፤ ድምፅ ነው የሰማው። በሁለት ቀንም አልለቀቀውም፤ ወደ ሃያ ዓመት አብሮት ኖረ። ይሄ ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ወደሚሉት ነው የሚያደላው። ስኪዞፍሬኒያ ደግሞ በወንዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ማለትም ልክ ተማሪው ድጓ ቤት በሚሆንበት ዕድሜ።

ይታያችሁ፤ አብሾ የሚጠጣበትና ሕመሙ በራሱ ጊዜ የሚመጣበት ዕድሜ አንድ ነው። ታዲያ አብሾው ነው ያሳበደው? ወይስ ሕመሙ ሊመጣ ሲል ትምህርት አልገባ ብሎት ነው አብሾ የፈለገው? ወይስ ጭራሽ ምንም አልጠጣም፣ ቤተሰብ ግን ምክንያት ያስፈልገው ነበር? ወይስ ድሮም የተሰነጠቀውን አብሾው ሰበረው? የታመመውን ሰው ዛሬ ብንመረምረው እንኳ መልስ የለውም። የታመመ ሰው አንጎል ፎቶ የሚነሳው ከታመመ በኋላ ነውና። «በፊት» የሚባለው ፎቶ የለም።

አይጥ ላይ ግን «በፊት» አለ። በኔ እምነት፣ የአእምሮ ሕመምን በእንስሳት አንጎል ምስል የሚያጠኑ ሰዎች ለዓለም የሚሰጡት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ በፊትና በኋላ።

አሠራሩን ላስረዳ። ማሽኑ ሆስፒታል ከምናውቀው ኤም አር አይ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ፣ ማግኔቱ ብርቱ ነው። የሆስፒታሉ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ሲሆን የአይጧ 7 ወይም 9.4 ቴስላ ይሆናል። የሰው አንጎል ወደ 1,400 ግራም ይመዝናል፤ የትልቋ ላቦራቶሪ አይጥ 2 ግራም ገደማ፣ የትንሿ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ያንን ፍሬ የሚያክል ነገር በጥራት ለማየት ነው ማግኔቱ የሚበረታው። ድሮ የአይጥን አንጎል ለማየት አይጧ መገደል ነበረባት፤ ስለዚህ የዛሬዋንና የወር በኋላዋን አይጥ ማወዳደር አይቻልም፣ ሁለት የተለያዩ አይጦች ናቸውና። አሁን ግን ያችው አይጥ በልጅነቷ፣ በጉርምስናዋ፣ በጉልምስናዋ ፎቶ ትነሳለች።

ይሄ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እነሆ። በ1976 እንግሊዝ ውስጥ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ያሉ ተመራማሪዎች፣ ለረጅም ጊዜ በስኪዞፍሬኒያ የታመሙ ሰዎችን አንጎል በሲቲ ስካን አይተው፣ አንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች ከጤነኛ ሰው ይልቅ ሰፍተው አገኙ። ትልቅ ግኝት ነበር። ግን ወዲያው ጥያቄ ተነሳ፤ ክፍተቱ የሰፋው ከመታመማቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሕመሙ ነው ያሰፋው ወይስ ኑሮው፣ ወይስ መድኃኒቱ?

በ2009 ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። እርጉዝ አይጦችን ኢንፌክሽን የያዛቸው የሚያስመስል ነገር ወጉ። የተወለዱት ልጆች በልጅነታቸው ጤነኛ ይመስላሉ። ለአቅመ አይጥነት ሲደርሱ ግን (እንዲህ ማለት ከተቻለ) የአንጎላቸው ክፍተት እየሰፋ፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍል እየሳሳ ሲሄድ በኤም አር አይ ታየ። በጉርምስናቸው ክሎዛፒን የተባለውን መድኃኒት ያገኙት ላይ ግን ለውጡ ሳይመጣ ቀረ። ማንም አብሾ አላጠጣቸውም። ሕመሙን የሚመስለው ነገር ከማሕፀን ጀምሮ ተቀምጦ፣ ቀኑን ጠብቆ ነው የወጣው። ይህን ያነበብኩ ዕለት የአያቴን ወንድም ጓደኛ አሰብኩ።

መድኃኒቱስ? ለዚህም የመለሰችው እንስሳ ናት። በ2005 የወጣ ጥናት፣ ሃሎፔሪዶል ወይም ኦላንዛፒን ከአንድ ዓመት በላይ የወሰዱ ጤነኛ ጦጣዎች አንጎል ክብደት ከሌሎቹ አሥር በመቶ ገደማ አንሶ መገኘቱን አሳየ። በ2011 ደግሞ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እነዚሁኑ መድኃኒቶች ለስምንት ሳምንት የተሰጣቸው አይጦች አንጎል ሲቀንስ በኤም አር አይ አዩ፤ በተለይ የፊተኛው ክፍል። ሃሎፔሪዶል የኛም ሆስፒታሎች የሚያዝዙት መድኃኒት ነው። (ይህን አንብቦ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር! ያልታከመ ሕመም ምን እንደሚያደርግ ወደ ታች እመጣበታለሁ።) የታመመን ሰው ያለ መድኃኒት አስቀምጦ አንጎሉን መለካት ግፍ ነው፤ ጤነኛን ሰው መድኃኒት አጠጥቶ መለካትም ግፍ ነው። መድኃኒቱን ከሕመሙ ለይቶ ማየት የተቻለው በእንስሳት ነው።

ጫትንም አንርሳ። ካቲኖን የተባለው ዋና ንጥረ ነገሩ የተለየው በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ነው፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። አምፌታሚን ዶፓሚንን ምን ያህል እንደሚለቅ በሕይወት ባለ አንጎል ውስጥ በምስል የሚለካው ዘዴ በ1992 መጀመሪያ በዝንጀሮ ዘሮች ተፈተነ፤ ከዚያ በ1996 ወደ ሕሙማን ተወስዶ፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ከጤነኛው የበለጠ ዶፓሚን እንደሚለቁ አሳየ። ከእንስሳ ተነስቶ ሰው ጋ የደረሰ መንገድ ነው። «ጫት ያሳብዳል» «አያሳብድም» እያልን ከምንጯጯህ በዚህ መንገድ ብንሄድ ሳይሻል አይቀርም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። የአስተናግሩ ጭማቂ በልክ ተዘጋጅቶ አራት ዓይነት አይጦች ይያዙ። ጤነኛ ሆና አብሾ የጠጣች፤ ጤነኛ ሆና ያልጠጣች፤ ከማሕፀን ተጋላጭ ሆና የጠጣች፤ ተጋላጭ ሆና ያልጠጣች። ሁሉም ከመጠጣታቸው በፊት፣ በማግስቱ፣ ከወራት በኋላ ፎቶ ይነሱ። እኔ ዓይኔን የምተክለው በአራተኛዋ ላይ ነው። ሳትጠጣ አንጎሏ እንደ ጠጣችው ከተለወጠ፣ «አብሾ ጠጥቶ ነው» የሚለው ፍርድ ይናጋል። ተጋላጭ ሆና የጠጣችው ብቻዋን ከባሰባት ደግሞ ያ የተሰነጠቀውን መስበር ነው፤ ለየደብሩ ተማሪ ሊነገር የሚገባ ወሬ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለአያቴ በስልክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ አይጧ ድጓ ትዘልቃለች?» አለችኝ።

«አትዘልቅም እምዬ።»

«ድምፅ ሲጠራት ትሰማለች?»

«አናውቅም።»

«እንዴት አታውቁም፣ አንቺ ልጅ? ፎቶዋን አንስታችሁ!»

አሸነፈችኝ። እውነቷን ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚለየው ሰውዬው በሚናገረው ነው፤ አይጥ አትናገርም። የኔታ ሊመርዙኝ ነው የሚል ሐሳብ ያላት አይጥ ብትኖር እንኳ በምን እናውቃለን? ፎቶው የሚያሳየን ክፍተት መስፋቱን ነው፤ ስሟን እየጠራ የሚሰድባትን አያሳይም። በዚያ ላይ ፎቶ ስትነሳ እንዳትንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ትሰጣለች፤ ማደንዘዣው ራሱ የአንጎልን ሥራ ይለውጣል።

የእንስሳን ጠባይ ስንተረጉምም እንደፈለግነው ነው። ከ1977 ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ፈተና አለ፤ አይጧን ውኃ በሞላ ዕቃ ውስጥ ይከቷታል፤ መዋኘት ትታ የተንሳፈፈችበትን ደቂቃ ይቆጥራሉ። ዝም ካለች «ተስፋ ቆረጠች፣ ድባቴ ይዟታል» ይባል ነበር። አሁን ብዙዎች ጉልበቷን እየቆጠበች ይሆናል፣ ብልህነት እንጂ ድባቴ አይደለም እያሉ ነው። እኛም የያሬድን ትል አለች። ትምህርት አልገባ ብሎት የሸሸው ያሬድ፣ ዛፍ ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችውን ትል አይቶ ተመለሰ ተብለናል። ጽናት ያልነው እኛ ነን፤ ትሏ ምናልባት ርቧት ነው። ያሬድን ግን ጠቅሞታል፤ ትሏን መመልከቱ ሳይሆን ተመልሶ መማሩ።

አንድ የክፍሌ ልጅ የነበረ ደግሞ የአራቱን አይጦች ሐሳብ ስነግረው ተቆጣኝ። «ሰው በሰንሰለት ታስሮ ባለበት አገር ለአይጥ ኤም አር አይ?» አለኝ። ንዴቱ ገብቶኛል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1998 ቡታጅራ ላይ የጀመሩት ጥናት፣ ከ68 ሺሕ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቆ የአእምሮ ሕሙማኑን ሲያገኝ፣ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ታይተው በ2015 የወጣው ውጤት ደግሞ፣ የሞቱት መኖር ከሚገባቸው ዕድሜ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው መሞታቸውን ያሳያል። ያልታከመ ሕመም ይሄ ነው። የአያቴ ወንድምም ከነዚህ ወገን ነው። መፍትሔውም ያለ ምንም ማግኔት እየተሞከረ ነው፤ በ2022 የታተመ የኢትዮጵያ ሙከራ፣ በቅርብ ጤና ጣቢያ ባሉ ሠራተኞች የሚሰጠው ክትትል፣ ሆስፒታል ሄዶ ከሳይካትሪ ነርስ ከሚገኘው እንደማያንስ አሳይቷል።

ስለዚህ ገንዘቡ እጄ ላይ ቢሆን መጀመሪያ የምሰጠው ለጤና ጣቢያው ነው፤ ይሄ አያከራክረኝም። ግን ማሽን መግዛትና ጥያቄ መጠየቅ አንድ አይደሉም። ማሽኑ ያላቸው አሉ፤ አብሾ የሚለውን ቃል ግን ሰምተው አያውቁም። አስተናግሩ የኛ ነው፣ የሚጠጣበትን ጎጆ የምናውቀው እኛ ነን፣ ተክሉን የሚመረምር የፋርማሲ ትምህርት ቤት ጎንደርም አዲስ አበባም አለን። ጥያቄው ከኛ ካልሄደ፣ ከማንም አይመጣም። ፈረንጅ ለራሱ ሕመም የሠራውን የአይጥ ፎቶ እየተረጎምን የምንኖረው እስከ መቼ ነው?

አይጧ ያንን አንድ ሰው ነፃ እንደማታወጣው አውቃለሁ። በዚያ ክረምት በዚያ ጎጆ ውስጥ ምን እንደተጠጣ የትኛውም ምስል አይነግረንም። አያቴን ግን ስልኩን ሳልዘጋ አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ወንድምሽ ሲጠጣ ያየ ሰው ነበር?

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ያየ እንኳ የለም» አለች። «እሱም ጠጣሁ አላለም። ሰው ነው ያለው።»

ጓደኛው አሁን ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ስማዳ ናቸው። የአያቴ ወንድም ሲቀበር ፍትሐት ሊያደርሱ መጥተው ከበር መልሰዋቸው ነበር አሉ። ለመጪው ሙት ዓመት ትጥራቸው እንደሆነ ጠይቄያት «እስቲ…» ብላኛለች።